ውሃው በየት ይወጣል? ስለ መኪና ማቆሚያ ግቢ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ግቢያቸውን አንጥፈው መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉ የተዘጋጁ አንባቢዎች የላኩልንን ደብዳቤዎች በዚህ እትም አሰባስበናል። የመሬቱ ሥራ ክረምቱ ሳይገባ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ማለቅ ስላለበት መልሱን ለክረምቱ ማሳደር አልፈለግንም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ

ለክሊኒክ ያከራየነው ቤት ፊት ለፊት 20 በ30 ሜትር የሆነ ባዶ ግቢ አለ። ኮብልስቶን አንጥፈን የመኪና ማቆሚያ ልናደርገው ነው። ቤቱ በላይኛው ጫፍ፣ በሩ ደግሞ በታችኛው ጥግ ላይ ነው። ከበሩ ውጭ የመንገድ ዲች (የጎርፍ ቦይ) ያልፋል። ጣሪያው 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የያዝነው ተቋራጭ «ትንሽ ግቢ ነው፣ ውሃው ራሱ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ለቦይና ለቱቦ ገንዘብ አታባክኑ» ይለናል። ልክ ነው? ካልሆነስ የስንት ቁጥር ቱቦ እንግዛ?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ግቢው ትንሽ ይሁን እንጂ የሚሰበስበው ውሃ ትንሽ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ለአዲስ አበባ ትንንሽ ግቢዎች ዕቅድ ስናወጣ የሐምሌና የነሐሴን ኃይለኛ ዶፍ በደቂቃ 2 ሚሊ ሜትር አድርገን እንይዛለን። ለመጨረሻው ስሌት መሐንዲስዎ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋል ላይ ለአካባቢዎ የተሰጠውን የዝናብ ኩርባ (ዝናቡ እንደ ቆይታው ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየውን ግራፍ) ይጠቀም። በዚህ ሒሳብ 600 ካሬ ሜትር ግቢ በደቂቃ 1,200 ሊትር ይቀበላል። 15 በመቶው በድንጋዩ መገጣጠሚያ ሰርጎና ተንጠባጥቦ ይቀራል ብንል እንኳ በሰከንድ 17 ሊትር ወደ ታች ይወርዳል። ከጣሪያው ሌላ 8 ሊትር ይጨመራል፤ ድምሩ በሰከንድ 25 ሊትር ነው። አንድ በርሜል በ8 ሰከንድ የሚሞላ ውሃ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በበሩ ሥር እንዲያልፍ ከተተወ የበሩ ደፍ እንደ ግድብ ይይዘዋል፤ የድንጋዩን አሸዋ እየጠረገ መንገዱ ላይ ያፈሰዋል። ከክሊኒኩ የሚወጣ ታካሚም በዚያ ውሃ መሃል ነው የሚያልፈው።

የቱቦውን ቁጥር ለጊዜው እንተወውና ከመውጫው እንጀምር። አብዛኛው ሰው ከንጣፉ ይጀምራል፤ ገረጋንቲው ተደልድሎ ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ «አሁን ውሃውን የት እንልቀቀው?» ይላል። ያን ጊዜ ከፍታው ሁሉ ተወስኗል፤ የሚስተካከል ነገር የለም። እርስዎ መጀመሪያ ከበሩ ውጭ ያለውን የዲች ክዳን አስነስተው ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ዲቹ ወለል ድረስ ይለኩ። ግድግዳው ላይ ያለፈው ክረምት የተወውን የጭቃ ምልክትም ይፈልጉ። ለምሳሌ ዲቹ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት የጭቃው ምልክት ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ የእርስዎ ውሃ የሚወጣበት አፍ ከዚያ ምልክት በላይ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ፣ ዶፉ ሲከብድ የመንገዱ ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ግቢዎ ውስጥ ይገባል። ከዲቹ ጋር ለመገናኘት የመንገዶች ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቁ፤ የዲቹን ግድግዳ ሰብሮ ቱቦ ሰክቶ መሄድ ዲቹንም ያፈርሳል፣ ነገም ያስጠይቃል።

የመውጫው ከፍታ ከታወቀ በኋላ ወደ ላይ እየቆጠሩ ይመለሱ። ለኮብልስቶን በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት እንመክራለን። ኮንክሪት ቢሆን 1 ወይም 1.5 ይበቃ ነበር፤ የድንጋይ ፊት ግን ወጣ ገባ ስለሆነ ከ2 ባነሰ ተዳፋት ውሃው በየጉድጓዱ ይቋጥራል። ከ5 በላይም አይሂዱ፤ የመኪና በር በራሱ ይወረወራል፣ ዊልቸር የሚገፋ ሰውም ይቸገራል። ክሊኒክ ስለሆነ ከመግቢያው አጠገብ ለአካል ጉዳተኞች የሚተወው ቦታ በየትኛውም አቅጣጫ ከ2 አይብለጥ።

ለእርስዎ ግቢ የሚስማማው ከ30 ሜትሩ አጥር በአንደኛው ሥር ቦይ ማስኬድ፣ ግቢውን በ20 ሜትር ወርዱ ወደዚያ ቦይ ማዘንበልና ቦዩን ደግሞ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ በሩ ማውረድ ነው። ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው 70 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይኖራል። ይህ ልዩነት አሁን ባለው መሬት ላይ እንዳለ የውሃ ልክ ቱቦ ይዘው ያረጋግጡ። ሁለት ሰው የሚይዘው ውሃ የሞላ ግልጽ ላስቲክ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በየ5 ሜትሩ ችካል ተክለው የሚፈለገውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበትና ሲባጎ ይወጥሩ። የቤቱ ደረጃ ወይም የቤቱ በር ደፍ ከንጣፉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

አሁን ወደ ቱቦው። በ1 በመቶ ተዳፋት (በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር) 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በሰከንድ ወደ 6 ሊትር፣ 160ው ወደ 16፣ 200ው ወደ 29 ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ በስሌት 200ው ይበቃዎታል። እኛ ግን ቱቦ አንመርጥልዎትም። መኪና የሚሄድበት ቱቦ በኮንክሪት ካልታቀፈ በላዩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ይፈልጋል፤ የቱቦው ወለል 80 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ መውጫው ከዲቹ የጭቃ ምልክት በታች ይሆናል። ሌላው ምክንያት ከተማችንን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፦ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ደለል። የተቀበረ ቱቦ ሲደፈን የት እንደተደፈነ አይታይም። ክዳኑ የሚነሳ ቦይ ሲደፈን አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይጠርገዋል።

ቦዩን 30 ሳንቲ ሜትር ወርድና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አድርገው በኮንክሪት ይሥሩት። በ25 ሊትር ጊዜ ውሃው ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ስፋት ለምን ቢሉ፣ አካፋ እንዲገባና ደለል ቢቀመጥም ውሃው መንገድ እንዲያገኝ ነው። ወለሉና ግድግዳው 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖራቸው ለ30 ሜትር 4 ሜትር ኪዩብ የሚያህል ኮንክሪት፣ በሜትር ኪዩብ 320 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ ወደ 13 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልጋል። ክዳኖቹን 50 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት በሁለቱም አቅጣጫ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ከታች በኩል ያስገቡ። አንዱ 72 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው በመንጠቆ ያነሳዋል። የብረት ፍርግርግ ያምራል፤ ሌሊት ግን ይጠፋል፤ የኮንክሪት ክዳን የሚሰርቅ ሰው አልገጠመንም። በክዳንና በክዳን መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ከሰፋ የታካሚ ምርኩዝና የሴት ጫማ ተረከዝ ይሰነቀርበታል። በሩ ላይ የውሃ ቦቴ ወይም ሲኖትራክ የሚገባ ከሆነ እዚያ ያሉትን ክዳኖች ብቻ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሰጥተው በ12 ብረት ይሥሩ።

ክዳኑን ከድንጋዩ ፊት 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ። ኮብልስቶን መኪና ሲመላለስበት ጥቂት ይቀመጣል። ዛሬ ከክዳኑ እኩል የሆነ ድንጋይ በሚቀጥለው ክረምት ከክዳኑ በታች ይወርድና ውሃው ቦዩ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ይቆማል።

አሁን የምንነግርዎትን ደግሞ በደንብ ይያዙት፤ ብዙ የኮብልስቶን ግቢ የሚበላሸው በዚህ ነውና። ከላይ የሚታየው ውሃ ወደ ቦዩ ሲሄድ ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ሌላ ውሃ ይሄዳል። በመገጣጠሚያው የሰረገው ውሃ አሸዋውን ያርሳል፤ የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ በቀላሉ ስለማያሳልፈው በአሸዋው ውስጥ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የቦዩን የኮንክሪት ግድግዳ ነው። መውጫ ከሌለው እዚያው ይከማቻል፣ ገረጋንቲውን ያላላል፣ መኪና ሲረግጠው አሸዋው እንደ አጥሚት ይፈሳል። ስለዚህ ከቦዩ አጠገብ ያሉት ሁለትና ሦስት ረድፍ ድንጋዮች መጀመሪያ ይሰምጣሉ። ባለቤቱ «ድንጋዩን በደንብ አልመቱትም» ብሎ ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የግድግዳው ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ፣ ከግቢው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በአሸዋው ወለል ትክክል፣ በየ1.5 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቁራጭ አስገብተው ቀዳዳ ይተዉ። አሸዋው አብሮ እንዳይወጣ በጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አሸዋ የሚያስቀር ጨርቅ) ይለጥፉ። ለ30 ሜትሩ የቦይ ግድግዳ 20 ቀዳዳ ይበቃል።

የንጣፉ ሥር እንዲህ ይሁን፦ የላይኛው ለም አፈር ይነሳ፣ መሬቱ ይጠቅጠቅ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር እየረጠበ በሮለር ይመታ፣ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፍ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ተዳፋቱን ገረጋንቲው ላይ ይጨርሱ። አሸዋውን አንድ ቦታ 3፣ ሌላ ቦታ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ተዳፋት መፍጠር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ወፍራም አሸዋ ያለበት ቦታ ሁሉ ይጎደጉዳል። ለ600 ካሬ ሜትር ተጠቅጥቆ 120 ሜትር ኪዩብ ገረጋንቲ ያስፈልግዎታል፤ ልል ሲሆን 150 ገደማ ስለሆነ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ9 እስከ 10 ጉዞ ይሆናል። አሸዋው 30 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ለመገጣጠሚያው ጥቂት ይጨምሩ።

የጣሪያውን ውሃ ንጣፉ ላይ አይልቀቁት፤ ከአሸንዳው ሲወርድ አሸዋውን ከመገጣጠሚያው ያወጣል። በሁለት 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ለእያንዳንዱ የጣሪያውን ግማሽ ሰጥተው፣ በቀጥታ ወደ ቦዩ ያስገቡት።

ቦዩ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይሥሩ፤ ወለሉ ከመውጫው 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ እስከ ዲቹ ያለችው አጭር መንገድ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ልትሆን ትችላለች፤ በኮንክሪት ይቀፏት። የቱቦው አፍ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ታች በዞረ ኤልቦ (የታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ይጀምር። ደለሉ ይዘቅጣል፤ ፌስታሉና ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ ኤልቦው መሃል ያለውን ውሃ ብቻ ይወስዳል። ጉድጓዱን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከዚያም በሐምሌና በነሐሴ በየ15 ቀኑ ያስጠርጉ።

ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ላይ፣ በላይኛው ጥግ አንድ በርሜል ውሃ ያፍስሱና ይከተሉት። የቆመበትን ቦታ በኖራ ያክብቡ፤ በዚያ ቀን ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ አቃቂ

300 ካሬ ሜትር የሆነ የመጋዘን ግቢ በኮንክሪት ልንሞላ ነው። በአካባቢው የጎርፍ መስመር የለም። 2 በ2 በ2 ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን በድንጋይ ሞልተን ውሃው እዚያ እንዲሰርግ ብናደርግስ? አፈሩ ዋልካ ነው።

መልስ፦ ጉድጓዱ 8 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ድንጋይ ሲሞላ ለውሃ የሚቀረው ክፍተት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ 2,700 ሊትር ገደማ ነው። ከግቢዎ በዶፍ ጊዜ በደቂቃ ከ500 ሊትር በላይ ይመጣል። ጉድጓዱ ከ6 ደቂቃ በፊት ሞልቶ ይፈሳል። 40 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ከሰዓት ዝናብ እንኳ ከ10 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ያመጣል፤ ያንን ለመያዝ ወደ 30 ሜትር ኪዩብ የድንጋይ ጉድጓድ ይፈልጋል።

ቢሰፋም ለዋልካ አንመክርም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያበጠ ዋልካ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። በመጋዘን መሠረት አጠገብ ውሃ እያጠጡት ማለት በየክረምቱ ወለሉን ወደ ላይ እየገፋ፣ በየበጋው እየለቀቀ ግድግዳውን እንዲሰነጥቅ መጋበዝ ነው። ሊሞክሩት ከፈለጉ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ውሃ ይሙሉት፤ ጠዋት እንደገና ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት እንደጎደለ በማስመሪያ ይለኩ። ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከጎደለ ሐሳቡን ይተዉት። ዋልካ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ይህንን ነው።

የሚሻለው የጣሪያውን ውሃ መለየት ነው። ንጹሕ ስለሆነ ሮቶ ውስጥ ይግባ፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 5,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። የግቢውን ውሃ ግን ቦይ ሠርተው ቅርብ ወዳለው የተፈጥሮ ፈሰስ ወይም ወደ መንገድ ዲች ማድረስ የግድ ነው። መንገዱ የሌሎች ይዞታ ላይ ከሆነ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተሰብስበው በወረዳው በኩል አንድ የጋራ ቦይ ይጠይቁ። ከኮንክሪቱ ሥር ያለውን ዋልካ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አውጥተው በገረጋንቲ ይተኩ፤ የኮንክሪቱን መገጣጠሚያዎችም በሬንጅ ይድፈኑ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

ለእንግዳ ማረፊያችን 12 በ25 ሜትር የመኪና ማቆሚያ እያሰብን ነው። መሬቱ ጭልጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ተዳፋት የሚባል ነገር የለውም። ክረምት ላይ ውሃው ለቀናት ይተኛል።

መልስ፦ ተዳፋት ከሌለ ይፈጠራል። ግቢውን መሃሉ ከፍ ያለ የአህያ ጀርባ ያድርጉት፤ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጎኖች 6 ሜትር ስለሆነ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ መሃሉ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሳል። ቆፍረው ዝቅ አያድርጉ፤ ሞልተው ከፍ ያድርጉ። በሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ የቆፈሩት ሁሉ ኩሬ ይሆናል።

የማስረጊያ ጉድጓድ ካሰቡ ነሐሴ ላይ 2 ሜትር ጠባብ ጉድጓድ ቆፍረው በማግስቱ ይመልከቱ። የከርሰ ምድር ውሃው ከታች ብቅ ካለ የማስረጊያው ወለል ከዚያ ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ካላለ ጉድጓዱ ከታች ይሞላና ከላይ ለሚመጣው ቦታ አይኖረውም።

ለእርስዎ በሁለቱ ጎኖች የሣር ቦይ ይሻላል፦ ወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30፣ ጎኖቹ የተኙ ሆነው አፉ 2.4 ሜትር። በ25 ሜትር ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከርብስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) ዙሪያውን ከገጠሙ ውሃው ይታገዳል፤ በየ3 ሜትሩ የ40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። የሣሩ ጠርዝ ከንጣፉ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር። ሣር ደለል እየያዘ በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ እኩል አድርገው ከተከሉት በሁለተኛው ክረምት የግቢውን ውሃ የሚያግድ ግድብ ይሆናል። ከፍ ያለውን በየመስከረሙ በአካፋ ይላጩት።

ውሃው ከቦዩ በ2 ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት። የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚወስድባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ የቆመ ውሃን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ጎፋ

ግቢያችን ውስጥ የፍሳሽ ማንሆል አለ። የዝናቡንም ውሃ እዚያው ብናስገባው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አያድርጉት። ያ መስመር የመጸዳጃና የኩሽና ፍሳሽ የሚሄድበት የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መስመር ነው፤ የተሠራውም ለዚያ መጠን ነው። የአንድ ቤተሰብ ፍሳሽ በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ሲሆን 100 ካሬ ሜትር ግቢ ያንን በዶፍ ጊዜ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ያመጣል። መስመሩ ሲሞላ የሚፈነዳው ዝቅ ብሎ ባለው ጎረቤት ማንሆል ወይም መጸዳጃ ቤት ነው። ሰፕቲክ ታንክም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የዝናብ ውሃ ሲገባበት ዝቃጩን አንስቶ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ ከደሴ

ከላያችን ያለው ግቢ በኮንክሪት ተሞልቶ ውሃውን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እኛ ይለቃል። እኛም አሁን መኪና ማቆሚያ ልንሠራ ነው። ቀዳዳውን እንድፈነው?

መልስ፦ አጥሩን አይተው ይወስኑ። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተገነባና የውሃ ግፊት እንዲችል ያልተሠራ አጥር ከሆነ ቀዳዳውን መድፈን ውሃውን ከጀርባው ያከማቻል፤ የደሴን ዓይነት ቁልቁለት ላይ ያለ አጥር ደግሞ ሲወድቅ በእርስዎ መኪኖች ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 መሠረት ማንም ባለቤት ጎረቤቱን መጉዳት የለበትም፤ በተፈጥሮ ከሚወርደው አልፎ በኮንክሪት ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ መልቀቅ ይህንን ክርክር ያስነሳል። በሽማግሌ ተነጋግረው ጎረቤትዎ በራሱ ወገን ቦይ እንዲሠራ መጠየቁ ተገቢ ነው።

እስከዚያው ግን ዕቅድዎ ያንን ውሃ ይቁጠረው። የላይኛውን ግቢ ስፋት በእርምጃም ቢሆን ለክተው ከእርስዎ ጋር ይደምሩ፤ 400 ካሬ ሜትር የእርስዎ፣ 500 የእነሱ ከሆነ ቦይዎ ለ900 ይታቀድ። ከአጥሩ ሥር፣ በእርስዎ ወገን፣ ከአጥሩ መሠረት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሰብሳቢ ቦይ ያሳልፉ፤ ወለሉም ከአጥሩ መሠረት በታች አይውረድ፣ መሠረቱን ይሸረሽረዋልና። ቀዳዳው ፊት ለፊት ውሃው የሚወድቅበትን 1 ሜትር ያህል ቦታ በሲሚንቶ የተያያዘ ድንጋይ ያንጥፉ፤ ልል አሸዋ ላይ የተደረደረ ኮብልስቶን እዚያ አንድ ክረምት አይቆይም።